ፈትቶ መግጠም

አማርኛ ለጠመንጃ ስም ሲያወጣ ቆጥቦ አያውቅም። ሰናድር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምኒሽር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ… ሁሉም የባዕድ ሰው፣ የባዕድ ፋብሪካ ወይም የባዕድ አገር ስሞች ናቸው፤ በእኛ ምላስ ታሽተው፣ ለፉከራ እንዲመቹ ተሞርደው የገቡ። ሰናድር ስናይደር ነው፣ አልቤን አልቢኒ፣ ለበን ለቤል፣ ምኒሽር ማንሊከር። ውጅግራማ ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» የሚሏት ናት፤ ፊዚ ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የነደፋት መኮንን ስም። ጠመንጃ የሚለውን ቃል ራሱን (አባቶቻችን ጠበንጃ ይሉታል) ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር የሚያዛምዱት አሉ። ነፍጥ ከአረብኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት ነበር፣ ቀጥሎ ባሩድ ሆነ፣ ቀጥሎ መሣሪያው። እኛ ዘንድ ደርሶ «ኛ» ከተጨመረበት በኋላ ምን እንደሆነ አንባቢ ስለሚያውቀው ወደዚያ አልገባም።

ይህ ሁሉ ስም እያለን ታዲያ ከስሙ ጀርባ ያለውን ብረት የሚያውቅ ሰው ፈልጉ እስቲ። ሰሞኑን ሦስት የተማሩ ወዳጆቼን «ቃታና ምላጭ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንደኛው የሕግ ሰው ነው፤ «አንድ ናቸው» አለኝ። ሁለተኛው «ቃታ ማለት ወደ ኋላ ተስቦ የሚለቀቀው ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ምላጭ ነው» አለ። ሦስተኛው ገጣሚ ነው። «ምን ለውጥ ያመጣል? ቤት ከመታ አይበቃም?» ብሎ ገላገለኝ።

የኔ ጠብ ከዚህ ከሦስተኛው መልስ ጋር ነው።

ስነጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪ ስለ ሰምና ወርቅ ስንነግር ሁልጊዜ ወርቁን እናሳድዳለን። ሰሙ መንገድ ነው፣ ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ወርቁ ይቀራል እንላለን። አንጥረኛውን ብትጠይቁት ግን ሌላ ነው የሚነግራችሁ፤ ሰሙ በትክክል ካልተቀረጸ ወርቁ የሚይዘው መልክ የለም። በሽለላችን፣ በቀረርቷችን፣ በልብ ወለዶቻችን ያለው ጠመንጃ ወርቁ በዝቶ ሰሙ የጠፋ ጠመንጃ ነው። ወንድነት ነው፣ ርስት ነው፣ ክብር ነው፣ ደም መላሽ ነው፣ ሙሽራ ነው። ብረት ግን አይደለም። ሞላ የለውም፣ መርፌ የለውም፣ አይቆሽሽም፣ ጥይት አይነክስም። ወደ አማርኛ በተመለሱት የወንጀል ታሪኮችም ስድስት ጎራሹ ሽጉጥ ሰባት ስምንት ሲተኩስ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ድምፅ ማፈኛ ይገጠምለትና እንደ ድመት ይረግጣል፤ በስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ተሽከርካሪውና በርሜሉ መካከል ክፍተት እንዳለ፣ ድምፁም ጋዙም በዚያ እንደሚያመልጥ ደራሲውም ተርጓሚውም አልጠየቁም። ትንሽ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። በሬ ጠምዶ የማያውቅ ደራሲ ቀንበሩን በበሬው ጭራ ላይ ቢያስረው ግን እንስቅበት ነበር።

እስቲ አንዷን እንፍታት፤ ውጅግራን። የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ከእሷ በፊት ፈረንሳዮቹ ሻስፖ የምትባል ነበረቻቸው፤ የሻስፖ ጥይት ልብሱ ወረቀት ነው። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ መውጫ ካገኘ ወደ ተኳሹ ጉንጭም ይመጣል። ያንን እንድትከለክል መዝጊያው ላይ የጎማ ቀለበት ነበረች፤ እሷም እየደረቀች እየተቃጠለች አስቸገረች። የግራ ማሻሻያ ባጭሩ ልብሱን ከወረቀት ወደ ናስ መለወጥ ነው። ቀለሃ የምንላት የናስ ጽዋ ሥራዋ ባሩድ መያዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሲተኮስ በግፊቱ ለቅጽበት ትለጠጥና ግድግዳውን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ጋዙ ወደ ኋላ መንገድ ያጣል። ግፊቱ ሲወርድ ትኮማተራለች፤ ያኔ በቀላሉ ተጎትታ ትወጣለች። ራሷ በር ሆና ትዘጋለች፣ ራሷ ትከፈታለች። እኛ ከመሬት ለቅመን ፉጨት የምንነፋባት ያቺ ናስ ማለት ይህች ናት።

ይህን ያወቀ ሰው ታሪኩንም ሌላ ዓይነት አድርጎ ያነበዋል። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊ ሜትር ነው። ዓድዋ ላይ የጣልያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ ደግሞ 10.4። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ግን የአንዱ ጥይት በሌላው አይጎርስም። ስለዚህ ጠመንጃ የማረከ ሰው ጥይቱንም ካልማረከ የማረከው ዱላ ነው። ውጅግራ አንድ ጎርሳ አንድ ትተፋለች፤ በተሻሻለው ቬተርሊ ካዝና 4 ጥይት ይገባል። ይህንን ጉድለት ምን ሞላው? የሰው ብዛት ነው፣ ቦታ መያዝ ነው፣ ሌላም ነው፤ ጥያቄው ራሱ ግን የሚወለደው ብረቱን ከፈታን በኋላ ነው። በአገራችን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ የነበረበት ዘመን እንደነበረስ? ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ጠመንጃ ያለው ብዙ ሲሆን ለጠመንጃው ልክ የሆነ ጥይት ያለው ግን ጥቂት ነው። ይህን ሳያውቁ ስለ ዓድዋ መዝፈን ይቻላል፤ ዘፍነናልም። ማስተማር ነው የሚያስቸግረው።

ተማሪዎቼን ስለ አርቱር ራምቦ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ሁልጊዜ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ መትረየስ ተሸክሞ የሚሮጠውን የአሜሪካ ፊልም ጡንቸኛ መስሏቸው። ነገሩ ከቀልድ አይርቅም። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች አስጭኖ ወደ ሸዋ መጥቷል። ምኒልክ ያን ጊዜ ገና ንጉሠ ሸዋ ናቸው። ራምቦ ይዞት የመጣው ጊዜው ያለፈበት፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ ዕቃ ነበር፤ ውጅግራ ከወጣች 13 ዓመት አልፏታል። ንጉሡ ዋጋውን አወረዱበት፤ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳም ቆረጡበት። የራምቦ ሕይወት ጸሐፊዎች ይህን ምዕራፍ የአንድ ምስኪን ገጣሚ በምሥራቃዊ ንጉሥ የመበዝበዝ ታሪክ አድርገው የመጻፍ ልማድ አላቸው። እኔ ስፈታው የማገኘው ሌላ ነው፤ ገዢው ዕቃውን ከሻጩ በላይ ያውቅ ነበር! በአፈሙዝ በሚጎርስና በኋላው በሚጎርስ ጠመንጃ መካከል ያለው ልዩነት በዋጋ ሲተመን ስንት እንደሆነ እንጦጦ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቅ ነበር። ለዚህ ዕውቀት የተዘፈነ ፉከራ ግን አልሰማሁም።

አሁን ውጅግራን ፈትቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ወዴት ይሂድ? አሜሪካ። እየቀለድኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2010ሮቹ መጨረሻ ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ውጅግራ አለ፣ ቬተርሊ አለ፣ የአንበሳ ምልክት የታተመበት ማውዘርም አለ። በአገሩ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ እንዲህ ያለ ጠመንጃ የጥንት ዕቃ እንጂ እንደ ሌላው መሣሪያ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የዓድዋ ዘመን ብረት እንደ አሮጌ ሰዓት ይገዛል፣ ይሸጣል። የሚገዙት ሁሉ ተኳሾች አይደሉም። ብዙዎቹ የትርፍ ጊዜ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጥርስ ሐኪም፣ አንዱ ጡረተኛ። ዝገቱን በዘይት እየነከሩ፣ ብሎኑን እየፈቱ፣ የእንጨቱን ስንጥቅ እየተመለከቱ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ፋብሪካ፣ ስንት ጊዜ የተጠገነ እንደሆነ ያነባሉ። ሰደፉ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ ሲያገኙት «ይህን ማን ጠገነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰደፉ ላይ የተጫረ የአማርኛ ፊደል ሲያገኙ የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ። እነሱ ብረቱን ያነባሉ፣ ፊደሉ ያቅታቸዋል፤ እኛ ፊደሉን እናነባለን፣ ብረቱ ያቅተናል። የዕቃዎቹ መሸጥ ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። የሚቆጨኝ መሸጣቸው ብቻ አይደለም፤ ሳይነበቡ መሸጣቸው ነው።

እኛም አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው የለም ማለት አይደለም። አንድ አውቃለሁ፤ ጡረታ የወጡ የቴክኒክ ትምህርት መምህር ናቸው። ጠመንጃ የላቸውም፣ ኖሯቸውም አያውቅም፤ እንዲኖራቸውም አይፈልጉም። ያላቸው ከዋንዛ የተቀረጸ ነው። የውጅግራን መዝጊያ ከነእጀታው፣ የክላሽን ፒስተን፣ የስድስት ጎራሽን ተሽከርካሪ አንድ በአንድ ጠርበው፣ ከተሰባበረ የልጆች መጫወቻ ያወጡትን ሞላ ገጥመውበት ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረውታል። ምንም ነገር አይተኩስም፤ ሁሉም ግን ይንቀሳቀሳል። ባለቤታቸው «ሰው ሲጦር ዳዊት ይደግማል፣ የኔው እንጨት ይቀጠቅጣል» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሁሉ ማሽን ለምን ጠመንጃን መረጡ?» ብላቸው እጄ ላይ የነበረውን የሚጫን ስክሪብቶ ተቀብለው ፈቱት። ሞላዋን፣ ዘንጓን፣ እየተሽከረከረች የምትቆልፈውን ትንሿን ጥርስ ጠረጴዛው ላይ አደረጉልኝ። «ይኸውልህ፤ ሞላ ኃይል ያጠራቅማል፣ ጥርስ ይይዘዋል፣ ጣት ይለቀዋል። ምላጭ ማለት ይሄ ነው። ልዩነቱ የስክሪብቶውን አሠራር ባታውቅ ማንም አይሞትም» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ክላሹ ዞሩ። ባሩዱ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ያመልጥና ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍታል፣ ቀለሃው ይወረወራል፣ የተጨመቀው ሞላ ሲመልሰው አዲስ ጥይት ያጎርሳል፣ መዝጊያው ዞሮ ይቆለፋል። ከመኪና ሞተር ጋር ዘመዳማቾች ናቸው። አሸዋና ጭቃ የማይበግረው ከብረቱ ጥንካሬ ይልቅ በተንቀሳቃሾቹ ክፍሎች መካከል ሆን ተብሎ በተተወው ሰፋ ያለ ቦታ ነው። በጎኑ ያለው መምረጫ ደግሞ ላይ ሲሆን ይቆልፋል፣ አንድ ሲወርድ ተከታታይ ይሆናል፣ እስከ ታች ሲወርድ ነጠላ። ለምን ተከታታዩ መሐል ሆነ? የሚሰጠው ማብራሪያ የተደናገጠ ወታደር መምረጫውን በኃይል እስከ ታች ስለሚገፋው ነጠላ ላይ ያርፋል፣ ጥይቱን ባንዴ አይጨርስም የሚል ነው። መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ የታየኝ አንድ ጥሩ ልብ ወለድ ደራሲ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ሲፈራ እጁ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያሰበ።

ሚካኤል ካላሽኒኮቭ በወጣትነቱ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ገጣሚ እሆናለሁ ብሎ ያስብ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1941 ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ ነው መሣሪያ መንደፍ የጀመረው። በ2013 ከመሞቱ ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ ለሩስያው ፓትርያርክ በጻፈው ደብዳቤ ጠመንጃዬ ለገደለው ሰው ሁሉ እኔ ተጠያቂ ነኝ ወይ ብሎ ጠይቋል። ራምቦ ከግጥም ወደ ጠመንጃ ንግድ፣ ይሄኛው ከግጥም ወደ ጠመንጃ ንድፍ… ከዚህ ፍልስፍና ማውጣት ይቀለኝ ነበር፤ ልተወው። የኔን ትኩረት የሳበው የፈጠረውን ብረት እያንዳንዷን ጥርስ የሚያውቀው ሰው ጠያቂ ሆኖ መሞቱ ነው። ጥርሱን የማናውቀው እኛ ነን ፎካሪዎቹ።

ጥፋቱ የቆየ ነው። የተኮሰውን ጀግና፣ ያበጀውን ቡዳ ስንል ኖረናል። ሰደፍ የሚገጥመው፣ የተሰበረች መርፌ የሚሞርደው፣ የረገበ ሞላ የሚያነሣው ቀጥቃጭ ከደጅ ይቀመጥ ነበር፤ ጠመንጃው ግን ከራስጌ ይሰቀላል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ዝም ብለው አይደለም። ከእሳቸው በፊት አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑን መድፍ እንዲሠሩ ያስገደዱትም ለዚህ ነው፤ የራሳቸው ሰው ይህን ሙያ እንዲያውቅ ይመኙ ነበር። ሴባስቶፖል ወደ መቅደላ ስትጎተት በሥዕል አይተናል፣ በመድረክ አይተናል፣ አምሳያዋ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆማለች። ስንቶቻችን ነን ሞርታር መሆኗን ልብ ያልን? አፏ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፤ ወደ ላይ ወርውራ ከግንብ ጀርባ የምትጥል እንጂ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ወታደር የምታባርር አይደለችም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ውጊያ ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ እንደፈነዳ ተጽፏል። እዚያ ያነሰው ጀግንነት አልነበረም፤ ሚዛን ነበር። በአንድ ቤተ መዘክር ካየኋቸው ጠመንጃዎች ሥር ያለው ጽሑፍ ሁሉ «የእገሌ ጠመንጃ» ይላል። እንዴት እንደሚጎርስ፣ ስንት እንደሚይዝ፣ ማን እንደጠገነው የሚል አንድም የለም። አንድ የተማሪ መማሪያ የሚሆን፣ ጎኑ ተቆርጦ ሆዱ የሚታይ መዝጊያ ማስቀመጥ ስንት ያስወጣ ነበር?

«በዚህ ጊዜ ስለ ጠመንጃ አሠራር ማውራት ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ያየ ሰው ጠመንጃ ሲባል ቢያንገሸግሸው አልፈርድበትም። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነው፤ ይሁንም። የማወራው ግን ስለ መያዝ አይደለም። መያዝማ መቼ ቸገረን! ያለ ዕውቀት መያዝ ነው ልማዳችን። የፈቱት ነገር አያስመልክም፤ ፈትቶ ያየ ሰው ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ሲተኩስ አላየሁም፤ የወጣችው እርሳስ የሆነ ሰው ጣራ ላይ እንደምትወርድ ያውቃላ።

አንድ የአማርኛ ግሥ ላንሣና ልጨርስ፤ «ባረቀ»። ጋዜጣው «ጓደኛው መሣሪያ ሲወለውል ጥይት ባርቆበት ሕይወቱ አለፈ» ይላል። ሥሩ መብረቅ ከምንለው አንድ ነው። መብረቅ ደግሞ የማንም አይደለም፤ ከሰማይ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይሄዳል። ቋንቋችን አንድን የብረት ማሽን በአንድ ግሥ የተፈጥሮ አደጋ አደረገውና ወለዋዩም፣ ባለቤቱም፣ አስተማሪ ያልሆነው አስተማሪም ነጻ ወጡ። መምህሩ በዋንዛው ክላሽ ያሳዩኝ ነገር ይህን ግሥ ዳግመኛ በቀላሉ እንዳላነበው አድርጎኛል። ካዝናውን ነቀሉት። «ባዶ ነው?» አሉኝ። ከዚያ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት አስቀድማ የጎረሰችው አንዲት የእንጨት ጥይት ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ካዝና መንቀል የሚቀጥሉትን ያስቀራል እንጂ ጉሮሮው ውስጥ ያለችውን አያወጣም። ማወቅ የሚገባው ይህቺው ናት፤ ለማስተማር ግማሽ ደቂቃ ፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲህ «ባረቀበት» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር ጥይቷ ካዝና ውስጥ ነበረች ወይስ ጉሮሮው ውስጥ፣ መዝጊያውን ስቦ ያየ ሰው ነበር ወይ፣ ምላጩ ላይ የማን ጣት ነበር እያልኩ እፈልጋለሁ። እስካሁን የመለሰልኝ ዘጋቢ የለም።